ከፋይ ሌላ፣ ተጠቃሚ ሌላ፦ የእንግሊዝ የካውንስል ቤቶች ለምን ቶሎ አይታደሱም?

ለንደን ወይም ማንቸስተር ዘመድ ያለው ሰው «የካውንስል ቤት» ሲባል ሳይሰማ አልቀረም። የአካባቢው ምክር ቤት ወይም ለትርፍ ያልቆመ የቤቶች ማኅበር ከገበያ ዋጋ ባነሰ ኪራይ የሚያከራየው ቤት ነው። በእንግሊዝ ብቻ 4 ሚሊዮን ያህል ቤተሰብ፣ ማለትም ከስድስት ቤተሰብ አንዱ ገደማ፣ የሚኖረው እንዲህ ባለ ቤት ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሄደው ኑሯቸውን እዚያ የመሠረቱ ብዙ ቤተሰቦችም ከእነዚህ መካከል ናቸው። ብዙዎቹ ሕንፃዎች የተሠሩት ስለ ሙቀት ብክነት ብዙም በማይታሰብበት ዘመን በመሆኑ፣ ብርዱ ሲገባ ማሞቂያው የሚሰጠው ሙቀት በግድግዳው፣ በጣሪያውና በመስኮቱ ሾልኮ ይወጣል። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው። ግድግዳውን ሙቀት በሚይዝ ልባስ፣ በተለምዶ ኢንሱሌሽን በሚባለው፣ መሸፈን፤ መስኮቱን ድርብ መስታወት ማድረግ፤ የአየር መውጫና መግቢያውን ማስተካከል፤ አሮጌውን የጋዝ ቦይለር መቀየር። እውቀቱ አለ፣ ዕቃውም በገበያ ሞልቷል፣ መንግሥትም ሥራውን እደግፋለሁ ይላል። ታዲያ ለምን ይጓተታል?

የተለመደው መልስ «ገንዘብ የለም» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ጉዳዩን አይጨርሰውም። ገንዘብ በተገኘባቸው ዓመታት እንኳ ሥራው ዘግይቷል፣ ተበላሽቷል፣ አንዳንዴም ነዋሪው ራሱ በሩን ዘግቶበታል። ዋናው እንቅፋት ከገንዘቡ መጠን ይልቅ በሥራው አደረጃጀት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የካውንስል ቤት ሲታደስ ወጪውን የሚከፍለው አንድ አካል ነው፣ ጥቅሙን የሚያገኘው ሌላ፣ ሥራው ቢበላሽ ጉዳቱን የሚሸከመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሦስተኛ። ሦስቱን አንድ ላይ የሚያስር ውል እስካልተፈጠረ ድረስ በጀት ቢጨመርም ችግሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይወገድም።

አስቀድሞ አንድ እውነት መነገር አለበት። የእንግሊዝ የማኅበራዊ ኪራይ ቤቶች በኃይል አጠቃቀም ረገድ ከአገሪቱ ቤቶች ሁሉ የከፉ አይደሉም፤ እንዲያውም ከግል ኪራይም ሆነ ባለቤቱ ራሱ ከሚኖርበት ቤት በአማካይ ይሻላሉ። ቤቶች ከኤ እስከ ጂ በሚወጣላቸው የኃይል ብቃት ደረጃ ከማኅበራዊ ቤቶቹ 70 በመቶ ያህሉ ሲ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። መንግሥት በ2025 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ያቀረበው ሐሳብ ደግሞ የቀሩትም በ2030 እዚያ ደረጃ እንዲደርሱ የሚጠይቅ ነው። ይህ ግን የቀረው ሥራ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ቀላሉ አስቀድሞ ተሠርቷል። ጣሪያ ላይ ልባስ መዘርጋትና በድርብ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት በጥቂት ቀን የሚያልቅ፣ ዋጋውም የማይከብድ ሥራ ነበር። የቀሩት በመካከሉ ክፍተት የሌለው ባለአንድ ግድግዳ አሮጌ ቤቶች፣ እንዲሁም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየፋብሪካው ተዘጋጅተው በተገጣጠሙ የኮንክሪት ገበታዎች የቆሙ ፎቆች ናቸው። እነዚህን በሚገባ ማደስ ለአንድ ቤት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ይጠይቃል፤ ነዋሪው ባለበት ቤት ላይም ወራት የሚወስድ ግንባታ ነው።

አሁን ወደ ከፋዩና ወደ ተጠቃሚው እንመለስ። ልባሱን የሚያስገጥመው አከራዩ ነው፤ የጋዝና የመብራት ሂሳቡ የሚቀንሰው ለተከራዩ ነው። በግል ገበያ ቢሆን አከራዩ «ቤቴ ይሞቃል» ብሎ ኪራይ ሊጨምር ይችል ነበር። የማኅበራዊ ቤት ኪራይ ግን በመንግሥት ቀመር የሚወሰን ነው። ቀመሩ በ1999 የነበረውን የቤቱን ዋጋ፣ የአካባቢውን ገቢና የመኝታ ክፍሎቹን ቁጥር ይመለከታል፤ ቤቱ መሞቁን አይጠይቅም። ድሃ ተከራይን ከኪራይ ንረት የሚጠብቅ ደግ ሕግ ነው፤ ሆኖም ያወጣውን ገንዘብ ከዚያው ቤት መልሶ የማያገኝ አከራይ ሥራውን ከዓመት ዓመት ቢያስተላልፈው አይገርምም። ጥቅሙም በተከራዩ ላይ አይቆምም። በ2021 የወጣ የሕንፃ ምርምር ተቋም ግምት እንዳለው መጥፎ ቤቶች የእንግሊዝን የጤና አገልግሎት በዓመት 1.4 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ያስወጡታል። ቤቱ ሲሞቅ የአስምና የሳንባ ሕመምተኛው ስለሚቀንስ የሚተርፈው ገንዘብ የሆስፒታሉ ነው፤ ወጪው ግን ከምክር ቤቱ የቤቶች ሒሳብ ይወጣል። ለአገሪቱ በጠቅላላው የሚያተርፍ ሥራ ለሚሠራው አካል ኪሳራ ይሆናል ማለት ነው።

«እንግዲያው ወጪው ከቁጠባው ይከፈል» የሚሉ አሉ። ቤቱ ታድሶ የኃይል ሂሳቡ ሲቀንስ፣ ከተረፈው ላይ ለአከራዩ በየወሩ ይመለስለት የሚል ሐሳብ ነው። በወረቀት ላይ ያምራል። ችግሩ ድሃ ቤተሰብ ከእድሳቱ በፊትም ቤቱን በሚገባ አያሞቅም። ካርድ እየሞላ በሚጠቀምበት ቆጣሪ የሚኖር ሰው ገንዘቡ ሲያልቅ ማሞቂያውን ያጠፋል፣ አንዱን ክፍል ብቻ አሙቆ ልጆቹን እዚያ ይሰበስባል። እንዲህ ያለ ቤት ሲታደስ የመጀመሪያው ለውጥ ሂሳቡ መውረዱ ሳይሆን ቤተሰቡ እንደ ሰው መሞቁ ነው። መሐንዲሱ በስሌት የተነበየው ቁጠባና በቆጣሪው ላይ የሚታየው አይገጥሙም። ይህን አንዳንዶች ፕሮግራሙ ለመክሸፉ ማስረጃ ያደርጉታል፤ ስሕተት ነው። ሲበርደው የኖረ ሰው መሞቁ የሥራው ግብ እንጂ ብክነቱ አይደለም። ትምህርቱ ሌላ ነው፦ እድሳቱን በቁጠባ ብቻ እንከፍላለን ማለት፣ ያልነበረን ወጪ እንቀንሳለን እንደማለት ነው።

ስለዚህ ከመንግሥት የሚመጣ ገንዘብ የግድ ያስፈልጋል። የመጣበት መንገድ ግን ራሱ እንቅፋት ሆኗል። በ2019 በምርጫው ያሸነፈው ወግ አጥባቂ ፓርቲ ለማኅበራዊ ቤቶች እድሳት በ10 ዓመት 3.8 ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚመድብ ቃል ገብቶ ነበር። ገንዘቡ በተግባር የተለቀቀው በየዙሩ እየተቆራረጠ ነው፤ በ2022 በመጀመሪያው ዙር 179 ሚሊዮን ያህል፣ በ2023 በሁለተኛው 778 ሚሊዮን፣ ቀጥሎ ስሙን የቀየረው ሦስተኛ ዙር። በየዙሩ አከራዮች ይወዳደራሉ፣ ከራሳቸውም ድርሻ ያዋጣሉ፣ ሥራውንም በተቆረጠ ቀን እንዲጨርሱ ይጠየቃሉ። በሌላ በኩል ያው ፓርቲ የመራው መንግሥት ከ2016 ጀምሮ ለአራት ዓመት ኪራይ በየዓመቱ 1 በመቶ እንዲቀንስ በሕግ አዝዞ ስለነበር፣ መዋጮው የሚወጣበት ሒሳብ ሳስቷል። ኮንትራክተሩስ ምን ያደርጋል? ከዚህ ዙር በኋላ ሥራ ይኑር አይኑር የማያውቅ ድርጅት ወጣቶችን አሠልጥኖ ለዓመታት አይዝም፤ ዙሩ ሲከፈት ከየትም ሠራተኛ ሰብስቦ ይሮጣል። ቤት ማደስ ደግሞ በጥድፊያ የሚያምር ሥራ አይደለም።

ጥድፊያውና የኃላፊነት መበታተኑ ሲደራረቡ ምን እንደሚያስከትሉ በጥቅምት 2025 የወጣው የብሔራዊ ኦዲት ቢሮ ሪፖርት በግልጽ አሳይቷል። ሪፖርቱ የሚመለከተው በማኅበራዊ ቤቶች ያልተወሰነ፣ በዋናነት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች ለመርዳት የታሰበ ሰፊ ፕሮግራም ነው። በውጭ ግድግዳቸው ላይ ኢንሱሌሽን ከተገጠመላቸው ቤቶች 98 በመቶው፣ ማለትም ከ22,000 እስከ 23,000 የሚገመቱት፣ ካልታረመ እርጥበትና ሻጋታ የሚያስከትል ከባድ ጉድለት ነበረባቸው። የፕሮግራሙን አሠራር ልብ ብሎ ያየ ሰው አይደነቅም። ገንዘቡ ይሰበሰብ የነበረው በሁሉም ደንበኞች የኃይል ሂሳብ ላይ ከሚጨመር ክፍያ ነው፤ ሥራውን የማስፈጸም ግዴታ የነበረባቸው የኃይል አቅራቢ ኩባንያዎች ናቸው፤ ይሠራ የነበረው ገጣሚ ድርጅት ነው፤ በቤቱ የሚኖረው ቤተሰብ ግን አዛዥም ከፋይም አልነበረም። ሁሉም ግዴታውን በወረቀት ፈጽሞ ሲሄድ ሻጋታው ከቤተሰቡ ጋር ይቀራል።

በፎቅ ቤቶች ላይ ደግሞ ሌላ ቋጠሮ አለ። በ1980 የወጣው የቤቶች ሕግ የካውንስል ተከራዮች ይኖሩበት የነበረውን ቤት በቅናሽ እንዲገዙ መብት ሰጣቸው፤ ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ 2 ሚሊዮን ያህል ቤቶች ተሽጠዋል። ብዙ ቤተሰቦች ንብረት አፍርተውበታል። ውጤቱ ግን በአንድ ፎቅ ላይ ተከራዩ፣ ገዝቶ የሚኖረው፣ ገዝቶም ለሌላ የሚያከራየው ጎን ለጎን መኖራቸው ሆነ። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ የጋራ ጣሪያ ሲያፈስ ወይም የውኃ ፓምፕ ሲበላሽ ማን ምን ያዋጣ የሚለው ክርክር ያው ነው። የሕንፃው ውጫዊ ግድግዳ ሲለበስ በውሉ መሠረት ገዢውም ድርሻውን ይከፍላል፤ ለጡረተኛ ወይም ለአነስተኛ ደሞዝተኛ ድርሻው ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል። መንግሥት በ2014 ባወጣው መመሪያ፣ በመንግሥት ድጎማ ለሚሠራ እድሳት ምክር ቤት ከገዢ የሚጠይቀው በአምስት ዓመት ውስጥ በለንደን ከ15,000፣ ከለንደን ውጭ ከ10,000 ፓውንድ እንዳይበልጥ ወሰነ። ገዢውን ከውድቀት አዳነው፤ የቀረው ልዩነት ግን ወደ ቤቶቹ ሒሳብ፣ ማለትም በመጨረሻ ወደ ተከራዮቹ ኪራይ፣ ተመለሰ።

ከፋይና ተጠቃሚ መለያየታቸው ሥራውን ያዘገያል፤ ጉዳቱን የሚሸከመው መለየቱ ግን የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ከ2012 እስከ 2016 በምዕራብ ለንደን የሚገኘው ባለ 24 ፎቁ ግሬንፌል ታወር ታድሶ ነበር። ውጫዊ ግድግዳው ከተሸፈነበት ምክንያት አንዱ ቤቶቹ ሙቀት እንዲይዙ ነው። ልባሱ ሲመረጥ መጀመሪያ ከታሰበው ዚንክ ይልቅ በመካከሉ ተቀጣጣይ ፕላስቲክ ያለበት የአሉሚኒየም ገበታ ተወሰደ፤ በዚህም 300,000 ፓውንድ ገደማ ተረፈ። ሰኔ 14 ቀን 2017 ሌሊት ከአንድ ወጥ ቤት የተነሣ እሳት በዚያ ልባስ ላይ ሽቅብ ወጣ። 72 ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። ነዋሪዎች ስለ እሳት ደኅንነትና ስለ አስተዳዳሪው ቸልተኝነት ከአደጋው ወራት በፊት በጽሑፍ አስጠንቅቀው ነበር፤ የሰማቸው አልነበረም። በሰር ማርቲን ሙር ቢክ የተመራው አጣሪ በመስከረም 2024 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርቱ፣ ዕቃ አምራቾች ስለ ምርታቸው አደገኛነት ገበያውን ማታለላቸውን፣ መንግሥትም ለዓመታት የደረሱትን ማስጠንቀቂያዎች ችላ ማለቱን ዘርዝሯል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ክብደት አለው። 300,000 ፓውንዱን ለመቆጠብ የወሰኑት ሰዎች በዚያ ሕንፃ ውስጥ አያድሩም ነበር።

ከዚህ በመነሣት «ኢንሱሌሽን አደገኛ ነው፣ ቤቶቹ ባሉበት ይቅሩ» የሚል ሰው ይኖራል። ፍርሃቱ ይገባል፤ መደምደሚያው ግን አያስኬድም። ከድንጋይ ጭረት የሚሠራውን የማይቃጠል ልባስ የመሰሉ አማራጮች በገበያ ነበሩ፣ አሁንም አሉ። ከ2018 ማብቂያ ጀምሮም ከ18 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው አዳዲስ መኖሪያ ሕንፃዎች ውጫዊ ግድግዳ ላይ ተቀጣጣይ ዕቃ በሕግ ተከልክሏል። ቤቶቹን ባሉበት መተውም ቢሆን ይገድላል። በታኅሣሥ 2020 በሮችዴል ከተማ አንድ የ2 ዓመት ሕፃን በቤቱ ሻጋታ የተነሣ ሕይወቱ አለፈ። ቤተሰቡ ቢያመለክትም የተሰጠው ምክር ሻጋታውን ቀለም እንዲቀቡት ነበር። በስሙ የተጠራው የአዋብ ሕግ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ አከራዮች አደገኛ እርጥበትና ሻጋታን በተወሰነ ቀን ውስጥ መርምረው እንዲጠግኑ ያስገድዳል። ግሬንፌልና ሮችዴል ሲታዩ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ አንዱ ቤት ታድሶ ገደለ፣ ሌላው ሳይታደስ። የሚያመሳስላቸው ግን በሁለቱም ነዋሪው ተናግሮ አለመደመጡ ነው።

ነዋሪው እድሳቱን እምቢ ሲል «አላዋቂነት ነው» የሚሉ ባለሙያዎች አይጠፉም። ከላይ የተዘረዘረውን ያየ ሰው ግን እምቢታው ስሌት እንዳለበት ይረዳል። ወራት የሚፈጅ አቧራና ጫጫታ፣ ሳሎን ውስጥ የሚመላለስ እንግዳ ሠራተኛ፣ ከዚያ በኋላ ሊመጣ የሚችል ሻጋታ ወይም ከዚያ የባሰ፤ በምላሹ የሚሰጠው ግን ማንም ዋስ የማይሆንለት የቁጠባ ተስፋ ነው። እንዲህ ያለውን ውል ሀብታምም አይፈርምም። በጀርመን አከራዩ ያወጣውን የእድሳት ወጪ 8 በመቶ በየዓመቱ ኪራይ ላይ እንዲጨምር ሕጉ ይፈቅዳል፤ እስከ 2018 ድረስ 11 በመቶ ነበር። የአከራዩን ችግር ያቃልላል፤ ግን ሸክሙን በአብዛኛው ወደ ተከራዩ ስለሚያዞር በበርሊንና በሌሎች ከተሞች እድሳት የሚለው ቃል ለብዙ ተከራይ ከቤት መፈናቀል ማለት ሆኖ ቆይቷል።

«ነዋሪውን እናማክር ካልን ሥራው ከዚህም ይዘገያል» የሚለው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፤ በኔዘርላንድስ ያለው አሠራር ግን መልስ ይሰጣል። እዚያ 10 እና ከዚያ በላይ ቤቶች አንድ ላይ ሲታደሱ ከተከራዮቹ 70 በመቶ ከተስማሙ ዕቅዱ ምክንያታዊ ነው ተብሎ በሕግ ይወሰዳል። አከራዩ ድምፁን ለማግኘት ሲል ዋጋውን፣ የሥራውን ርዝመትና የኪራዩን ነገር አስቀድሞ ቁርጥ አድርጎ ያቀርባል፤ ያልተስማማውም ጥቂት ቤት ሁሉን ሊያግድ አይችልም። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ አከራዩ ቤቱ ቃል የተገባለትን የኃይል ውጤት የሚያስገኝ ከሆነ፣ ተከራዩ ለጋዝና ለመብራት ይከፍል የነበረውን የሚተካ ክፍያ መቀበል ይችላል። ከፋይ፣ ተጠቃሚና ተሸካሚ በአንድ ውል ታሰሩ ማለት ነው። ይህም ቢሆን ተአምር አልሠራም። አስቀድሞ በ2013 በዚሁ ሐሳብ 111,000 ቤቶችን ለማደስ የተደረሰው ስምምነት ዋጋው አልወርድ ብሎ ከግቡ በጣም ርቆ ቀርቷል። ጥሩ ውል ገንዘብን አይተካም፤ ገንዘቡ ሲመጣ ግን እንዳይባክን ያደርጋል።

ሌላው ሐሳብ «አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት ይሻላል» የሚል ነው። መዋቅሩ አደጋ ላይ የሆነ ሕንፃ ካለ መፍረሱ የግድ ነው። ነገር ግን ሲፈርስ በኮንክሪቱ ውስጥ የፈሰሰው ኃይል ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ነዋሪውም ይበተናል። በለንደን ከ1,000 በላይ ቤቶች የነበሩት የሄይጌት መንደር ከ2011 ጀምሮ ፈርሶ በምትኩ የተሠራው ሰፈር በአብዛኛው ለገበያ የሚሸጥ ሆኗል። በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ ግን በ1960ዎቹ የተሠሩ 530 ቤቶች ያሏቸው ሦስት ሕንፃዎች ነዋሪዎቹ ሳይለቁ ታድሰዋል፤ በውጭ በኩል በመስታወት የተዘጋ ሰፊ በረንዳ ተጨምሮ ቤቱ ሰፋ፣ ብርሃን አገኘ፣ ሙቀትም ያዘ። ሥራው በ2019 የአውሮፓ ኅብረትን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። ነዋሪው ለችግሩ መፍትሔ ብቻ ሳይሆን የሚወደው ነገር ሲያገኝ የሚዘጋ በር እንደማይኖር ይህ ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ቀላል ነው። እድሳቱ እንዲፋጠን ሦስት ነገር አብሮ መምጣት አለበት፦ በዙር የማይቆራረጥ የረጅም ዓመት በጀት፣ ለውጤቱ በቆጣሪ የሚለካ ዋስትና የሚሰጥ ኮንትራክተር፣ ለነዋሪው ደግሞ በሕግ የቆመ ድምፅ። ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱ በየጊዜው ይበላሻሉ፤ የሥራውን ጉድለት ከሁሉ በፊት የሚያየው እዚያ የሚያድረው ሰው ነውና። በካውንስል ቤት የምትኖሩ አንባቢዎችም መወጣጫው ሕንፃው ላይ ከመቆሙ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። ልባሱ ከምን የተሠራ ነው፣ የእሳት ደረጃውስ? አየር እንዴት ይገባል፣ እንዴትስ ይወጣል? ኪራዬና ልዩ ልዩ ክፍያዬ ይጨምራል? ሻጋታ ቢመጣ ስልኩን የሚያነሣው ማነው፣ በስንት ቀንስ ይጠግናል? መልሱ በደብዳቤ እስኪመጣ አትፈርሙ፤ ሲመጣም ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ አንብቡት።